ባሉኑ ከመቀየሩ በፊት የሙቀቱ ምንጭ ይታወቅ

ሰሞኑን በአማተር ሬዲዮ ጉዳይ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። አቅራቢው የሚሠሩበት አንቴና 41 ሜትር ርዝመት ያለው ሽቦ ሲሆን፣ ኬብሉ የሚገናኘው ከሽቦው መካከል ሳይሆን ከአንድ ሦስተኛው ላይ ነው። በመገናኛው ላይ የተንጠለጠለው አራት ለአንድ ባሉን (ኬብሉን ከአንቴናው ጋር የሚያጣጥም፣ ኮር በሚባል መግነጢሳዊ ቀለበት ላይ የተጠቀለለ ሽቦ ያለበት ሳጥን) በኤፍቲ8፣ ማለትም በኮምፒዩተር በሚላክ የዲጂታል መልእክት ዘዴ፣ ሲያሰራጩ እጅ እስከማያስነካ ድረስ እንደሚግል ገልጸው፣ ለተመሳሳይ ችግር መፍትሔ የሚሏቸውን ምክሮች ዘርዝረዋል። ባሉኑን ከፍ ያለ ኪሎዋት በተጻፈበት ሌላ ባሉን መለወጥ፣ ቲዩነሩ (ሬዲዮውን ከአንቴናው መስመር ጋር የሚያስማማው መሣሪያ) አንድ ለአንድ፣ ማለትም ፍጹም መጣጣም፣ ካሳየ ስለ ባሉኑ አለመጨነቅ፣ የሙቀቱ ምክንያት የኮሩ ሳቹሬሽን (በመግነጢሳዊ ፍሰት መሙላት) መሆኑን አውቆ ፌራይቱን፣ ማለትም ኮሩ የተሠራበትን መግነጢሳዊ ሴራሚክ፣ በቀዩ የብረት ዱቄት ቀለበት መተካት፣ ባሉን እስካለ ድረስ በኬብሉ ላይ ቾክ (በኬብሉ የውጭ ገጽ የሚሄደውን ከረንት የሚያግድ ጥቅል) መጨመር ትርፍ ወጪ መሆኑን መረዳት፣ በመጨረሻም ሳጥኑን በስቶ አየር ማስገባት የሚሉ ናቸው።

አቅራቢው ጊዜያቸውን ሰጥተው በቋንቋችን ስለጻፉ ምስጋና ይገባቸዋል፤ የሚጽፍ ሰው በሌለበት መስክ የጻፈን ሰው ማቃለል ነውር ነው። ነገር ግን ምክሮቹ አንባቢን ለማይረባ ወጪ፣ አንዳንዴም ለአደጋ የሚዳርጉ ስለሆኑ በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም። የባሉን ሙቀት ከሦስት የተለያዩ ምንጮች ይመጣል። አንደኛው በጥቅሉ ላይ የሚያርፈው ቮልቴጅ በኮሩ ውስጥ የሚፈጥረው ብክነት ነው፤ ሁለተኛው ከኬብሉ የውጭ ገጽ ጋር የሚመላለሰው ከረንት ኮሩን ሲያግለው ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ በመዳብ ሽቦውና በመገናኛዎቹ ላይ የሚጠፋው ኃይል ነው። የሦስቱ መድኃኒት አንድ አይደለም። የጽሑፉ መሠረታዊ ጉድለት ምንጩን ሳይለይ መድኃኒት ማዘዙ ነው።

የመጀመሪያውን ምክር እንመልከት። በባሉን ሳጥን ላይ የሚለጠፈው «1 ኪሎዋት» ወይም «5 ኪሎዋት» የሚል ጽሑፍ ሁለት ያልተጻፉ ቅድመ ሁኔታዎች አሉት። አንደኛ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው በድምፅ ስርጭት፣ ማለትም በኤስኤስቢ፣ ለቅጽበት ስለሚደረስበት የጫፍ ኃይል ነው። በኤስኤስቢ የሚናገር ሰው ትንፋሽ ይወስዳል፣ ቃል ይመርጣል፣ ድምፁም ከፍና ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ አማካይ ኃይሉ ከጫፉ እጅግ ያነሰ ነው። ኤፍቲ8 ግን በእያንዳንዱ የ15 ሰከንድ ዙር ውስጥ ለ12.64 ሰከንድ ሙሉውን ኃይል ያለ ማቋረጥ ይልካል። ተራ በተራ ስለሚሠራ በረጅሙ ሲሰላ ከጠቅላላው ጊዜ 42 በመቶ ያህሉ ሙሉ ኃይል ነው ማለት ነው። ባሉኑ በ100 ዋት ኤስኤስቢ ለዓመታት ሳይሞቅ ቆይቶ በ100 ዋት ኤፍቲ8 በአንድ ምሽት መጋሉ፣ ጸሐፊው እንደጠረጠሩት «ማርጀቱን» አያሳይም። ሁለተኛው ቅድመ ሁኔታ የበለጠ ይመዝናል፤ በሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር የሚሠራው ባሉኑ ከተሠራለት ኢምፒዳንስ (ለተለዋዋጭ ከረንት ከሚታይ ተቃውሞ) ጋር ሲገናኝ ነው። ለአራት ለአንድ ባሉን ይህ 200 ኦም ነው። አንቴናው 200 ኦም ካልሆነ ቁጥሩ ምንም አይነግረንም።

እዚህ ላይ ወደ ሁለተኛው ምክር እንገባለን፤ ከሁሉም የከፋው ስሕተት ያለው በዚህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመለስበታለሁ። ጸሐፊው «በ21 ሜጋኸርዝ ስሠራ ቲዩነሬ አንድ ለአንድ ስለሚያሳይ ባሉኑ ምንም ችግር ሊኖረው አይችልም፤ የሚሞቀው ደካማ ስለሆነ ብቻ ነው» ይላሉ። ቲዩነሩ ያለው ከሬዲዮው አጠገብ፣ በጠረጴዛ ላይ ነው። ሥራው ለሬዲዮው 50 ኦም ማሳየት ነው፤ ከቲዩነሩ ወዲያ ባለው ኬብል፣ በባሉኑና በአንቴናው ላይ ያለውን አለመጣጣም አይነካውም። በኬብሉ ላይ ያለው ኤስደብሊውአር፣ ማለትም ያለመጣጣሙ መለኪያ፣ ቲዩነሩ ከመስተካከሉ በፊት እንደነበረው ሆኖ ይቀጥላል።

አሁን በጸሐፊው አንቴና ላይ የሚሆነውን እንከተል። 41 ሜትር ሽቦ በ3.5 ሜጋኸርዝ አካባቢ ግማሽ የሞገድ ርዝመት ነው። በ7፣ በ14 እና በ28 ሜጋኸርዝ ኬብሉ የተገናኘበት የአንድ ሦስተኛ ነጥብ ወደ 200 ኦም የሚጠጋ ኢምፒዳንስ ስለሚያሳይ፣ አራት ለአንዱ ባሉን በእነዚህ ባንዶች ላይ እንደተሠራለት ይሠራል። 21 ሜጋኸርዝ ግን የ3.5 ስድስት እጥፍ ነው። በስድስተኛው እጥፍ ላይ በሽቦው ውስጥ ስድስት ግማሽ ሞገዶች ይደረደራሉ፤ የሽቦው አንድ ሦስተኛም ልክ ሁለተኛው ግማሽ ሞገድ በሚያልቅበት፣ ከረንቱ ወደ ዜሮ በሚወርድበትና ቮልቴጁ ጣሪያ በሚነካበት ቦታ ላይ ይወድቃል። ኢምፒዳንሱ በሺዎች የሚቆጠር ኦም ይሆናል። ለስሌት እንዲመች 3,000 ኦም እንበል። 100 ዋት ወደ 200 ኦም ሲገባ በባሉኑ ውጤት ላይ ያለው ቮልቴጅ 141 ቮልት ነው፤ ያው 100 ዋት ወደ 3,000 ኦም ሲገባ ግን 548 ቮልት ይሆናል። በኮሩ ውስጥ የሚባክነው ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚሄድ ብክነቱ 15 እጥፍ ያድጋል። በ200 ኦም ላይ አንድ ዋት ብቻ ያባክን የነበረ ባሉን አሁን 15 ዋት ሊያባክን ነው። ይህን ያደረገው የአንቴናው ጠባይ ነው፤ ባሉኑ ደካማ ሆኖ አይደለም። በዚያ ባንድ ላይ በዚህ አንቴና ላለመሥራት መወሰን ከማንኛውም አዲስ ባሉን ይሻላል፤ የግድ ካስፈለገ ደግሞ ለ21 ሜጋኸርዝ ሰባት ሜትር የሚጠጋ ተራ ዳይፖል (ከመካከሉ የሚገናኝ የሽቦ አንቴና) መስቀል በቂ ነው።

15 ዋት ትንሽ ለሚመስለው አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር። 61 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የተለመደው የፌራይት ቀለበት፣ ኤፍቲ240 የሚባለው፣ ክብደቱ 100 ግራም ገደማ ነው። በዚህ ቀለበት ውስጥ 10 ዋት ያለ ማቋረጥ ቢባክንና ሙቀቱ መውጫ ቢያጣ፣ በየደቂቃው ከ7 እስከ 8 ዲግሪ ይግላል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ 130 ዲግሪ ሴልሺየስን ያልፋል። ሚክስ 43 እና ሚክስ 31 የተባሉት ፌራይቶች የኩሪ ሙቀታቸው ከዚሁ ከ130 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ነው። ያንን ሲያልፉ መግነጢሳዊ ጠባያቸውን ያጣሉ፤ ባሉኑ ባሉንነቱ ይቀርና ኤስደብሊውአሩ ዓይን እያየው ሽቅብ ይወጣል። ሲቀዘቅዝ ጠባያቸው ይመለሳል። ስለዚህ ማሰራጨት ሲጀመር ደህና ሆኖ፣ እየቆየ የሚወጣና ከእረፍት በኋላ የሚመለስ ኤስደብሊውአር ከሁሉም የታመነ የግለት ምልክት ነው። ጸሐፊው ይህንኑ በራሳቸው ጣቢያ ማየታቸውን ጽፈው «የሜትሩ ብልሽት» ማለታቸው አሳዝኖኛል፤ ሜትሩ እውነቱን ሲነግራቸው ነበር።

ዝቅተኛ ኤስደብሊውአር ማየትም ቢሆን ለደስታ አይበቃም። ኃይል የሚበላ ባሉን ሄዶ የሚመለሰውንም ሞገድ ስለሚበላ ኤስደብሊውአሩን ያሳንሰዋል። እውነተኛው ኤስደብሊውአር 5 በሆነ አንቴና ላይ፣ በአንድ ማለፍ ግማሹን ኃይል የሚውጥ ነገር መሀል ቢገባ፣ ሬዲዮው ዘንድ የሚታየው 2 ብቻ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ ዝቅ ያለው ቁጥር ራሱ በሽታውን ሸፍኖ ሊያቆየው ይችላል።

ሦስተኛው ነጥብ ሳቹሬሽን ነው፤ ይህ በብዙ ሰው አፍ ያለ ስለሆነ በጸሐፊው ብቻ አልፈርድም። ሳቹሬሽን ማለት ኮሩ ሊይዝ የሚችለውን መግነጢሳዊ ፍሰት ሁሉ ይዞ ተጨማሪ መቀበል ሲያቅተው ነው። እንግዲህ እናስላው። በ3.5 ሜጋኸርዝ፣ በ100 ዋትና በ200 ኦም፣ በአንድ የባሉኑ ጥቅል ላይ 71 ቮልት ያርፋል እንበል። ጥቅሉ 10 ዙር፣ የኮሩ የመስቀለኛ ስፋትም 1.57 ካሬ ሴንቲሜትር ቢሆን፣ በኮሩ ውስጥ ያለው የፍሰት መጠን 2.9 ሚሊቴስላ ይሆናል። የሚክስ 43 ሳቹሬሽን 290 ሚሊቴስላ አካባቢ ነው። መቶ እጥፍ ይቀረናል ማለት ነው። በአጭር ሞገድ ባንዶች ላይ ፌራይት ሳቹሬሽን ከመድረሱ ከብዙ ጊዜ በፊት በብክነቱ ሙቀት ይጎዳል። ይህ ልዩነት የቃል ጉዳይ አይደለም፤ ሳቹሬሽን ነው ብሎ ያመነ ሰው የሚወስደው እርምጃ ብክነት ነው ብሎ ካመነው ሰው እርምጃ ጋር ተቃራኒ ሊሆን ይችላል፤ አራተኛው ምክር ራሱ ለዚህ ምስክር ነው።

ቀዩ የብረት ዱቄት ቀለበት፣ ቲ200-2፣ በቲዩነርና በማጣሪያ ውስጥ ለሚገቡ ጥቅሎች ግሩም ነው። ለዚህ ሥራ ግን አልተፈጠረም። በእርሱ ላይ 14 ዙር ቢጠቀለል የሚገኘው 2.35 ማይክሮሄንሪ ነው፤ በ3.5 ሜጋኸርዝ ይህ 52 ኦም ያህል ብቻ ይሆናል። በኬብሉ የውጭ ገጽ የሚመጣውን ከረንት ለማቆም የሚያስፈልገን በሺዎች የሚቆጠር ኦም ስለሆነ፣ 52 ኦም የተከፈተ በር ላይ እንደ ተጋረደ መጋረጃ ነው። ቀለበቱ በእርግጥ ላይሞቅ ይችላል፤ ያልሞቀው ግን ያላቆመው ነገር ስላለፈው ነው። ጸሐፊው «ቀዩን ከጠቀለልኩ ወዲህ ባሉኑ ቀዘቀዘ» ሲሉ ልክ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ «ሳሰራጭ ኮምፒዩተሬ ቀጥ ብሎ ይቆማል» ማለታቸውን ግን ከዚሁ ጋር አላገናኙትም።

ወደዚህ ጽሑፍ የገፋፋኝ ዋናው ነገር አምስተኛው ነጥብ፣ የቾኩ ጉዳይ ነው። በሜሪላንድ ቤቴ ጓሮ ውስጥ፣ በሁለት የኦክ ዛፎች መካከል የተዘረጋ ልክ እንደ ጸሐፊው ያለ 41 ሜትር አንቴና አለኝ። ባሉኑ በአንድ ቀለበት ላይ የተጠቀለለ አራት ለአንድ የቮልቴጅ ባሉን ነበር። በ7.074 ሜጋኸርዝ በ60 ዋት ኤፍቲ8 ሳሰራጭ ኤስደብሊውአሩ ከ1.5 ተነሥቶ በአራተኛው ተራዬ 2.7 ይደርስ ነበር፤ ሩብ ሰዓት ካረፍኩ በኋላ 1.5 ሆኖ ይጠብቀኛል። ማይክሮፎኑ ከንፈሬን ሲነካው ይቆነጥጠኝ ነበር። ሳጥኑን አውርጄ ስከፍት የቫርኒሽ ቃጠሎ ሽታ ፊቴን መታኝ፤ የማር መልክ የነበረው የሽቦው ልባስ ቀለበቱን ከነካበት ጎን ብቻ ሲቆላ እንደ ጠቆረ ቡና ሆኗል፣ ቀለበቱን የያዘው የፕላስቲክ ማሰሪያም ቀልጦ ወደ ውስጥ ሰምጧል። ሽቦው በሌላው ጎኑ ደህና መሆኑ ጠቃሚ ምልክት ነበር፤ ሙቀቱ ከመዳቡ ሳይሆን ከኮሩ መጥቷል ማለት ነው። እኔም ያኔ ልክ ጸሐፊው እንዳሉት አደረግሁ፤ «5 ኪሎዋት» የተጻፈበት ባሉን ገዝቼ ሰቀልኩ። እርሱም ጋለ፤ ብቻ ትንሽ ዘግይቶ።

ከዚያ በኋላ ነው በሥርዓት መመርመር የጀመርኩት። አዲሱን ባሉን መሬት ላይ አስቀምጬ በአንቴናው ፋንታ ከ200 ኦም ዳሚ ሎድ (ኃይሉን ከሚቀበል ሬዚስተር) ጋር አገናኘሁት፤ ሽቦ የተጠቀለለባቸው ሬዚስተሮች በሬዲዮ ድግግሞሽ ጥቅል ስለሚሆኑ ለዚህ አይሆኑም፣ ሽቦ ያልሆኑት ናቸው የሚያስፈልጉት። በዚያው 60 ዋት ለ20 ደቂቃ ስሠራ ሳጥኑ ለብ ብቻ አለ። ስለዚህ ባሉኑ ራሱ ጤነኛ ነው። 7 ሜጋኸርዝ ላይ አንቴናው ወደ 200 ኦም የሚጠጋ በመሆኑም በቮልቴጅ ብዛት ማመካኘት አልተቻለም። የቀረው ኬብሉ ነበር።

ከመካከል ያልተገናኘ አንቴና ሁለት እግሮቹ እኩል አይደሉም። የእኔው ባለ 13.7 እና ባለ 27.3 ሜትር ነው። አለመመጣጠኑ በመገናኛው ላይ ከፍተኛ የጋራ ቮልቴጅ (በሁለቱም የኬብሉ መስመሮች ላይ በአንድነት የሚያርፍ) ስለሚያስቀር፣ ይህ ቮልቴጅ ኬብሉን እንደ ሦስተኛ የአንቴና እግር አድርጎ በውጭ ገጹ ላይ ከረንት ይገፋል። የቮልቴጅ ባሉን፣ በ1959 ክላይድ ሩትሮፍ ባሳተመው ጽሑፍ የታወቀው ዓይነት፣ ሁለቱን ቮልቴጆች እኩል ለማድረግ ይጥራል እንጂ ይህን ከረንት አያቆምም። በ1944 ጉስታቭ ጉዋኔላ ያቀረበው የከረንት ባሉን ያቆማል፤ እርሱም ቢሆን አራት ለአንድ ሆኖ በአንድ ቀለበት ላይ ከተጠቀለለ፣ እግሮቹ እኩል ላልሆኑ አንቴና ይህን ሥራ በአግባቡ አይሠራም፤ ሁለት የተለያዩ ቀለበቶች ያስፈልጉታል። ጸሐፊው «ባሉን እያለ ቾክ ምን ያደርጋል» ያሉት ሁሉም ባሉን አንድ ዓይነት ስለመሰላቸው ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ የማይጠበቅ ነገር አለ። የሚያቆም ነገር ሁሉ በከፊል ብቻ ሲያቆም ከሁሉም በላይ ይሞቃል። 200 ቮልት የጋራ ቮልቴጅ በ300 ኦም መንገድ ውስጥ ከረንት ሲገፋ አስቡ። ቾኩ 60 ኦም ሬዚስታንስ ቢኖረው 18.5 ዋት ይባክንበታል። 300 ኦም ቢሆን 33 ዋት ይደርሳል፤ ከፍተኛው ይህ ነው። 5,000 ኦም ቢሆን ግን ከረንቱ ራሱ ስለሚደርቅ 7 ዋት ብቻ ይቀራል። ስለዚህ በከረንት ግለት የተቸገረ ሰው መፍትሔው ሌላ ቾክ መጨመርና ኢምፒዳንሱን ከፍ ማድረግ ነው፤ ጸሐፊው ግን ቾኩን ትርፍ ወጪ ብለውታል።

ኢምፒዳንሱን ለመለካት ናኖቪኤንኤ የሚባለው ርካሽ መሣሪያ ይበቃል። የቾኩ ሁለት ጫፎች በመሣሪያው ሁለት በሮች መካከል በውጭ ገጻቸው ብቻ ይገናኛሉ፤ መሣሪያው የ20 ዴሲቤል ቅነሳ ካሳየ ወደ 900 ኦም፣ 30 ዴሲቤል ካሳየ ወደ 3,000 ኦም ነው። የባሉኑን የራሱን ብክነት ለማወቅ ደግሞ ሁለት አንድ ዓይነት ባሉኖችን ጀርባ ለጀርባ አገናኝቶ የተገኘውን ለሁለት ማካፈል ይቻላል። አንድ ባሉን 0.3 ዴሲቤል ቢያባክን ከ100 ዋት ውስጥ ወደ 7 ዋት ሙቀት ይሆናል ማለት ነው። ይህ ግን 200 ኦም ባለበት የሚገኝ ቁጥር ነው፤ 21 ሜጋኸርዝ ላይ ያየነውን ዓይነት አለመጣጣም አይጨምርም።

ሳጥኑን ስለመብሳት ብዙ አልልም። ቀዳዳው ዝናብና ጉንዳን ያስገባል እንጂ የብክነቱን አንዲት ዋት አይቀንስም፤ ሳጥኑን ነጭ ማድረግና ከፀሐይ ማራቅ ይሻላል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ ያለ አንባቢ ግን አየሩ ከባሕር ወለል አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ሙቀቱም በመጠኑ በዝግታ እንደሚወጣ ልብ ይበል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ ያለውን፣ ኢቲ3ኤኤ የሚባለውን የአማተር ሬዲዮ ክለብ ጣቢያ የሚያውቅ ሰው አንድ የፌራይት ቀለበት እዚያ ያለውን ዋጋ ያውቃል፤ ሳይመረመር የተጣለ ደህና ባሉን እዚያ በቀላሉ አይተካም። ጸሐፊው «በእጅ ነክታችሁ አረጋግጡ» ያሉትም መታረም አለበት። ማሰራጫው ጠፍቶ ኬብሉ ሳይነቀል ባሉን አይነካም፤ 548 ቮልት የሬዲዮ ሞገድ ቆዳን ከውስጥ ያቃጥላል።

በእኔ አንቴና ላይ የተደረገው ይህ ነው። በባሉኑ ግርጌ፣ በ50 ኦሙ ወገን፣ በሁለት ተደራራቢ ሚክስ 31 ቀለበቶች ላይ 11 ዙር ቀጭን ኮአክስ ኬብል ጠቀለልኩ፤ ናኖቪኤንኤው በ7 ሜጋኸርዝ 33 ዴሲቤል፣ ማለትም 4,400 ኦም ገደማ አሳየ። በሳጥኑ ውስጥ፣ ከቀለበቱ ጎን ላይ፣ በተወሰነ ሙቀት ጠቁሮ የማይመለስ ተለጣፊ ምልክት ለጠፍኩ፤ አራት ነጭ ነጥቦች አሉት፣ የመጀመሪያው በ60 ዲግሪ ይጠቁራል። በጥቅምት ሰቅዬው ስድስት ወር በኤፍቲ8 ከሠራሁ በኋላ በሚያዝያ አውርጄ ከፈትኩት። ኤስደብሊውአሩ በእነዚያ ወራት ከ1.5 አልተንቀሳቀሰም፤ ማይክሮፎኑም ከንፈሬን መቆንጠጥ አቁሟል። አራቱም ነጥቦች ነጭ ነበሩ።